የመኑካ አባት ስም

አክሮን፣ ኦሃዮ
እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2018

ለእህቴ ልጅ ለመኑካ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽስ? እዚያ አድሌድ በመጋቢት ሰው በላብ ይጠመቃል ሲሉ ሰማሁ። እኛ እዚህ ትናንት በረዶ ስንጠርግ ዋልን። ከዚህ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ጉልበቴም ደህና ነው፤ እኔ ነኝ እንጂ የማልታዘዝለት።

«ስልክ እያለ ለምን ትጽፋለህ» ላልሽው፣ በዚህ ቤት ስልክ የጋራ ነው። እናትሽ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛ መሃል ታስቀምጠዋለች፤ ጎረቤት ሳይቀር መጥቶ ሰላምታ ያቀርባል። ደብዳቤ ግን አፉን ዘግቶ ይሄዳል። ደግሞም ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስድስት ዓመቴ፣ በካምፑ ውስጥ፣ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ያን ያህል ለፍቼ አሁን አውራ ጣቴን ብቻ ልጠቀም?

አዎ፣ እናትሽ እውነትም ትማራለች። ማክሰኞና ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ። ሃያ ስድስት ተማሪ አለ፤ ሁሉም የእኛው ሰው፣ ሁሉም ከቡታን ተባርሮ ኔፓል ካምፕ ውስጥ ያረጀ፣ ሁሉም በወረቀት ላይ ጥር አንድ ቀን የተወለደ። ለአዲስ ዓመት መምህራችን ሚስ ጆአን ለሃያ ስድስቱም አንድ ኬክ አመጣችና «በዓለም ርካሹ ልደት» አለች። ሚስ ጆአን ሠላሳ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ የነዳች ሴት ናት። አሁን ጡረታ ወጥታ እኛን በነፃ ለዜግነት ፈተና ታዘጋጃለች። «ሁላችሁም ተቀመጡ!» ስትል ግድግዳውም ይቀመጣል።

እኔ ፈተናውን ካለፍኩ ሁለት ዓመት ስለሆነኝ ረዳት አድርጋ ሾማኛለች። ሥራዬ መርማሪ መኮንን መምሰል ነው። ክራባት አስራለሁ፣ መነጽር አደርጋለሁ፣ ፊቴን አኮሳትራለሁ። ሴቶቹ ገና ሳያቸው ይስቃሉ፤ ከእናትሽ በቀር። እሷ ፊት ለፊቴ ስትቀመጥ እውነተኛ ባለሥልጣን የሆንኩ ይመስለኛል።

«ስንት ሴናተሮች አሉ?»
«አንድ መቶ።»
«የአገሪቱ አባት ማን ነው?»
እሱንም መለሰች፤ ዓይኗን ሳታርገበግብ።
«ባለትዳር ነሽ?»
«አዎን።»
«ባልሽ?»
«የመኑካ አባት።»
«ጎበዝ! ቀጣይ!»

ቀጠሮዋ ለግንቦት ዘጠኝ ነው፤ ክሊቭላንድ። ካለፈች ፓስፖርት ታወጣለች። ፓስፖርት ካወጣች ወዴት እንደምትበር እኔ አልነግርሽም። ከመማሪያ ደብተሯ ጀርባ ላይ የአውስትራሊያን ካርታ ለጥፋለች።

አባትሽ ያው ነው። ጥር ላይ ሐኪሞቹ ልቡ ውስጥ ሁለት ሽቦ ከተቱለት፤ አሁን መስኮቱ ሥር ተቀምጦ በረዶውን ያልጠረገ ጎረቤት ይመዘግባል። ሩቅ መብረር ክልክል ነው ስለተባለ እሱ ከእኔ ጋር ይቀራል። እንግዲህ ማን ማንን እንደሚጠብቅ እግዜር ይወቅ።

ነገሩን ሁሉ ቀልድ የሚያደርግብሽ አጎትሽ
ኬምናት


አድሌድ
ሚያዝያ 3 ቀን 2018

ለጋሼ ኬም፣

ደብዳቤህን በሥራ ቦታ፣ በአረጋውያን ማረፊያው ወጥ ቤት፣ ድንች እየላጥኩ አነበብኩት። ብቻዬን ስስቅ አንዲት አሮጊት «ወንድ ነው አይደል?» አሉኝ። «አጎት ነው» አልኳቸው። «ይብሳል» አሉ።

«ሁለት ሽቦ» ብለህ ልታልፈኝ ነው? አባዬ ሆስፒታል ስንት ቀን ተኛ? ለምንስ ያኔ አልነገራችሁኝም? እኔ እኮ እዚህ ሆኜ የስልኩን ዝምታ እሰማለሁ።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ግን አፍህን ስፋው። ታኅሣሥ ላይ እወልዳለሁ። ሁለቱን ጊዜ አንተም ታውቃለህ፣ ፅንሱ ሳይቆይልኝ ቀርቷል። ይሄኛውን ሐኪሙ ደህና ነው ብሏል። ለእማዬ እንዳትነግራት፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ያሉት የፈተናው መቶ መልሶች ተደናግጠው ይወጣሉ። መጀመሪያ ትለፍ።

የባሌ እናት መልካም ሰው ናት፤ አላማርርም። ግን ከወለድኩ በኋላ በሰናፍጭ ዘይት የሚያሸኝ የእናቴ እጅ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ካምፕ ውስጥ ለእኛ የአውስትራሊያ፣ ለእናንተ የአሜሪካ አውቶቡስ ሲመጣ፣ እማዬ በመስኮቱ እጄን ይዛ እስኪነሳ አልለቀቀችኝም ነበር። ስምንት ዓመት ሆነ። ትመጣለች በለኝ።

መኑካ


አክሮን
ግንቦት 13 ቀን 2018

ለመኑካ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንኳን ደስ ያለሽ። ምስጢርሽ ሆዴ ውስጥ ነው። ሆዴ ደግሞ እንደምታውቂው ሰፊ ነው።

አባትሽ ዘጠኝ ቀን ነው የተኛው። ያልነገርንሽ ወሬው አውሮፕላን ሊያመጣልሽ ስለማይችል፣ እንባ ብቻ ስለሚያመጣብሽ ነው። ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ አባትሽም ጠይቋል፤ ሽቦዎቹም ይጠይቁሻል።

አሁን ወደ ክሊቭላንዱ ልምጣ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳን። እናትሽ ቀይ ነጠላዋን ለብሳ፣ የበረዶ ቦት ጫማዋን አደረገች። በግንቦት! «የመንግሥት ቤት ወለሉ ይቀዘቅዛል» አለችኝ። አውራ ጎዳናው ላይ መውጫ አሳለፍኩ፤ ሠሌዳውን ጮክ ብላ አንብባ የመለሰችኝ እሷ ናት። አንዲት የገበሬ ሚስት፣ ላም ስታልብ ኖራ፣ በስድሳ ሦስት ዓመቷ የአሜሪካን የመንገድ ሠሌዳ አንብባ ወንድሟን ስታርም! እዚያው ማልቀስ ነበረብኝ፤ ግን እየነዳሁ ነበር።

መኮንኑ ወጣት ነው፤ ፀጉሩ የተላሰ። ስድስት ጥያቄ ጠየቃት፣ ስድስቱን መለሰች። ስድስት ስለሚበቃ እዚያው አቆመ። አንድ ዓረፍተ ነገር አነበበች። አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈች። እንግዲህ ይሄን ተመልከቺ!

ከዚያ ወጥተን በላን። እኔ ሁለት ሳንድዊች በላሁ፤ እናትሽን አልራባትም። እዚህ ሰፈር ሜዳው ሁሉ ቢጫ አበባ ሆኗል፤ ሚስ ጆአን አረም ነው ትላለች፤ እናትሽ ለቅማ ቀቀለችው፤ በጣም ይጣፍጣል። የቀረውን ነገር በተመለከተ፣ የቢሮ ወረቀት የራሱ አካሄድ አለው፤ ሲደርስ ይደርሳል።

አባትሽ ሰላም ብሎሻል። ዝናብ ሊመጣ ነውና ልብሱን ላስገባ።

ኬምናት


አድሌድ
ሰኔ 2 ቀን 2018

ጋሼ፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሳንድዊቹ ብዛት አለ። የአበባው ቀለም አለ። የመኮንኑ ፀጉር እንኳ አለ። «አለፈች» የሚል ቃል የለም።

ደወልኩ። እማዬ «አጎትሽን ጠይቂው» ብላ ስልኩን ለአባዬ ሰጠችው። አባዬ «እናትሽን ጠይቂያት» ብሎ መለሰላት። ከዚያ ሁለቱም ስለ ዶሮ ዋጋ አወሩኝ።

ሆዴ እየገፋ ነው። ቀልድህን እወዳለሁ፤ አሁን ግን አስቀምጠውና ጻፍልኝ።

መኑካ


አክሮን
ሰኔ 16 ቀን 2018

ለመኑካ፣

እሺ። አላለፈችም። ጥፋቱም የእኔ ነው።

መቶውን ጥያቄ ታውቃለች፤ የጻፍኩልሽ ሁሉ እውነት ነው። ከፈተናው በኋላ ግን መኮንኑ ማመልከቻዋን ገልጦ እንደ ሕጉ ስለ ኑሮዋ ይጠይቃታል። እንግሊዝኛ መናገሯን የሚመዝነው በዚያ ነው። ስምሽ፣ አድራሻሽ፣ ባለትዳር ነሽ ወይ? አዎን። ባልሽ ማን ይባላል?

«የመኑካ አባት።»
«እሱስ እሺ፤ ስሙ ማነው?»
«የመኑካ አባት።»
«ስሙን ነው የምጠይቅሽ፣ እመቤት። የባልሽን ስም።»

እናትሽ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። አራተኛ ጊዜ ሲጠይቃት ቦት ጫማዋን ማየት ጀመረች። እሱ ምን ያድርግ? ጥያቄው አልገባትም ብሎ ጻፈ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ውኃም ሰጥቷታል። የአገሪቱን አባት ሲጠይቋት እንደ ጥይት መለሰች፤ የልጇን አባት ሲጠይቋት ዝም። ውጪ ያለ ሰው ምን ይበል!

እኛ ግን እናውቃለን። የባሏን ስም የምትጠራ ሚስት ዕድሜውን በምላሷ ትቆርጣለች። እናቴም ጠርታ አታውቅም፤ እናቷም። እኔስ? ክራባት አስሬ፣ ያንን ጥያቄ ምናልባት ሦስት መቶ ጊዜ ጠይቄያለሁ። አሥራ አራት ባለትዳር ሴቶች «የእገሌ አባት»፣ «የእገሊት አባት» እያሉ ሲመልሱልኝ «ጎበዝ!» ብዬ አሳልፌያለሁ። ለጆሮዬ ትክክለኛው መልስ እሱ ነው! ክፍሉ ውስጥ የተገረመ አልነበረም። ሚስ ጆአን ደግሞ በዚያ ሰዓት በሌላው ጥግ ጀማሪዎቹን ታስተምራለች። ወንዶቹ ሁሉ አለፉ። ከሴቶቹ መጀመሪያ የተጠራችው እናትሽ ናት።

ለሚስ ጆአን ስነግራት አላመነችም። አሥራ አራቱንም አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። አሥራ አራቱም ወለሉን አዩ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሠላሳ ዓመት ስነዳ አንድ ልጅ ረስቼ አላውቅም» አለች፤ «ዛሬ አሥራ አራት ሴት ፌርማታ ላይ ጥዬ ሄድኩ።»

ሁለተኛ ዕድል አለ፤ ሐምሌ ሠላሳ አንድ። እሱ ካመለጠ ማመልከቻው ይዘጋል፤ ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ ከዓመት በላይ ይወስዳል። ታኅሣሥሽን አስቤ ነው መጻፍ ያቃተኝ።

ያላደረግሁት የለም። ለሂንዱው ካህናችን፣ ለፓንዲቱ፣ ደወልኩ፤ ለተማረ ሃይማኖተኛ የማይገባ ረጅም ሳል ስሎ «የልብ ነገር ነው» አለ። አባትሽን አስነሳሁት። ከመስኮቱ ተነስቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ «እኔ ባልሽ አዝዣለሁ! ስሜን ጥሪ!» አላት። ምን ብትለው ጥሩ ነው?

«ዕድሜዎ የእርስዎ ብቻ መሰለዎት? አርባ ሰባት ዓመት ከጥርሴ ጀርባ ይዤ ያቆየሁት እኔ ነኝ! ሐኪሙ ሁለት ሽቦ ከተተልኝ ብለው ይኮራሉ። ሦስተኛው እኔ ነኝ።»

አባትሽ ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

«የሀሪማያን ባል አየኸው?» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። «በረዶ ላይ ስትወድቅ ደንግጣ ስሙን ጠራች። በአርባ ቀኑ ሞተ።»
«እትዬ፣ ሰውዬው ዘጠና አንድ ዓመቱ ነበር!»
«ዘጠና ሁለት ይሆን ነበር።»

ከዚያ አንድ ተንኮል ሞከርኩ። በፕሬዚዳንቶቹ ስም ዝርዝር መሃል የአባትሽን ስም ጽፌ ጮክ ብላ እንድታነብ ሰጠኋት። አነበበች፣ አነበበች፣ እሱ ላይ ስትደርስ ቆመች። ደብተሩን ዘጋች። ከዚያ በደብተሩ አናቴን መታችኝ። ለሁለት ቀን ሩዝና ምስር የሚባል አላየሁም።

አሁን ቀልዴን አስቀምጫለሁ። ሐሳብ ካለሽ ጻፊልኝ።

ኬምናት


አድሌድ
ሐምሌ 1 ቀን 2018

ጋሼ፣

መጀመሪያ አለቀስኩ። ከዚያ ደብተሩ አናትህ ላይ ሲያርፍ አየሁትና ሳቅሁ። ይቅር ብዬሃለሁ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም።

እማዬን አትጎትጉታት። እኔ ምላሷ ነበርኩ፤ ታውቃለህ? ካምፕ ውስጥ ሩዝ ሲታደል፣ ሰልፉ ጫፍ ስንደርስ፣ ጸሐፊው «የአባወራ ስም?» ሲል እማዬ ከኋላ በጣቷ ትከሻዬን ትነካኛለች። እኔ እጮሃለሁ። አምስት ዓመቴ ነበር። ስሙን የማወቅ ሥራ የእኔ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ክሊቭላንድ ድረስ ትከሻዬን ብታገኘው ኖሮ እጮህላት ነበር።

ድንች ስልጥ አንድ ነገር ታሰበኝ። ስሙን የከለከለው ማነው? የአያቶቻችን ሕግ። የከለከለው ምንድነው? አፍን። ስለ እጅ ምን ይላል? ምንም አይልም፤ ሴት ልጅ እርሳስ ትይዛለች ብሎ ያሰበ አያት አልነበረማ! እማዬ አሁን ትጽፋለች። መኮንኑን ወረቀት ትጠይቀውና ትጻፍለት።

የኔ ሐሳብ ነው አትበላት። የራሷ ይምሰላት።

መኑካ


አክሮን
ሐምሌ 19 ቀን 2018

ለመኑካ፣

ለጻፍሽው ምስጋና፤ ለሠራሁት ይቅርታ። ሁለቱንም በተራ።

ሐሳብሽን የራሴ አስመስዬ አቀረብኩላት። «ይሄ የአንተ አይደለም፤ አንተ ይሄን ያህል ብልሃት ከየት አመጣህ» አለች። ከዚያ ሕጉን መመርመር ጀመረች። ለፓንዲቱ ራሷ ደወለች። እሱም በመጻሕፍቱ ውስጥ ስለ ሚስት ጽሕፈት አንድም ቃል እንደሌለ አረጋገጠላት። «የለም ማለት ተፈቅዷል ማለት አይደለም» አለችው። ሰውዬው የዚያን ቀን ደግሞ አልሳለም፤ ስልኩን ብቻ ዘጋ።

ሦስት ቀን እምቢ አለች። አሁን ይቅርታው። ነገርኳት። ታኅሣሥን ነገርኳት። ሆዴ ያሰብኩትን ያህል ሰፊ አልነበረም። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ጣቶቿን ወደ ኋላ ቆጠረች። ከዚያ «እርሳስ አምጣልኝ» አለች።

ግን እናትሽ እናትሽ ናት። አንዴ ቁጭ ብላ የምትጽፍ መስሎሻል? የአባትሽ ስም ከነአባቱ ስምና ከነቤተሰቡ አሥራ ስምንት የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። በቀን አንድ ፊደል ትጽፋለች። አንድ! ማታ ትጽፈውና ደብተሩን ትዘጋለች። ጠዋት አባትሽ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ በመሣሪያው የደም ግፊቱን ትለካለች። ምላሱን ታያለች። ደረጃ አስወጥታ ታስወርደዋለች። ደህና ከሆነ ማታ የትናንቱን ደግማ፣ አንድ ትጨምራለች።

«ስሜን ነው የምትጽፊው ወይስ መርዝ ነው የምትሰፍሪልኝ?» አላት።
«ዝም ብለው ምላስዎን ያውጡ።»

በአራተኛው ፊደል አባትሽ ጉንፋን ያዘው። ጥፋቱ የአየር ማቀዝቀዣው ነው፤ ሥሩ በሸሚዝ ተኝቶ! ግን ማን ይሰማል። አራት ቀን እርሳስ አልነካችም። ትኩስ የዝንጅብል ውኃ እያጠጣች፣ ያን አራተኛ ፊደል እንደ ወንጀለኛ አፍጥጣ ታየው ነበር። አሁን አባትሽ መሳል ሲፈልግ ጋራዥ ገብቶ፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ በሩን ዘግቶ ይስላል። እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ እንደ ሲጋራ ሌቦች!

የመጀመሪያ ስሙ ትናንት ተጠናቀቀ። ዛሬ ሰባተኛውን ትጽፋለች። ከነገ እስከ ሐምሌ ሠላሳ አሥራ አንድ ቀን አለ። የቀረው ፊደል አሥራ አንድ ነው። እንግዲህ ለአንዲት ሳል እንኳ ቦታ የለንም።

ሚስ ጆአን የሌሎቹን አሥራ ሦስት ሴቶች ጠረጴዛ ላይ እርሳስ አስቀምጣለች። ማንም እስካሁን አላነሳውም። እናትሽን እየጠበቁ ነው፤ በትክክል ለመናገር ደግሞ አባትሽን እየጠበቁ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ «እሳቸው እንዴት አደሩ? ምግብ በሉ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ሰውዬው በዕድሜው ይሄን ያህል ተፈላጊ ሆኖ አያውቅም።

ኬምናት


አክሮን
ነሐሴ 1 ቀን 2018

ለመኑካ፣

አለፈች።

ቃሉን መጀመሪያ ጻፍኩት፤ አሁን ተንፍሺና ቀስ ብለሽ አንብቢ።

ሐምሌ ሃያ ሰባት ጠዋት አባትሽ አስነጠሰ። ጋራዥ ለመድረስ አልቻለም፤ እፊቷ! አንድ ቀን አመለጠን። ስለዚህ ትናንት ክሊቭላንድ የሄድነው በአሥራ ሰባት ፊደል ነው። የመጨረሻው ፊደል ተጽፎ አያውቅም፤ በአባትሽ ላይ አልተሞከረም። መንገዱን ሙሉ አንድ ሠሌዳ አላነበበችልኝም። እኔም እንኳ አልቀለድኩም፤ ፍረጂ።

ውስጥ የሆነውን ከእሷ እንደሰማሁት ልንገርሽ። የዚህ ጊዜዋ መኮንን ጎልማሳ ሴት ናት። «ባልሽ ማን ይባላል?» ስትላት እናትሽ ከሚስ ጆአን ጋር ያጠናችውን ተናገረች፦ «በእኛ ዘንድ ሚስት የባል ስም አትጠራም። ጥያቄው ገብቶኛል። እባክሽ ወረቀት፤ እጽፋለሁ።» ሴትዮዋ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠቻት። እናትሽ መጻፍ ጀመረች። ሩዝ ይበስል ነበር አለችኝ፣ ያን ያህል ቆየሁ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ቆመች። እጇ አልሄድ አላት። ሴትዮዋ ሰዓቷን አላየችም፤ እጆቿን አጣጥፋ ጠበቀች። እናትሽ ዓይኗን ጨፍና አሥራ ስምንተኛውን ጻፈች። ሴትዮዋ ወረቀቱን ከመዝገቡ ጋር አስተያየችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

«ሰካራም ሆነሽ ታውቂያለሽ?»
«እኔ አይደለሁም። ወንድሜ ነው፤ እውጭ ተቀምጧል።»

አገሪቱ ስለ እኔ የምታውቀው ይኸው ሆነ።

በሩ ተከፍቶ ስትወጣ ከወንበሬ ተነሳሁ። «እትዬ፣ አለፍሽ?» እላለሁ፤ አትሰማኝም። ክንዴን ጨምድዳ ይዛ «ደውል!» አለችኝ። «አለፍሽ ወይ?» «ደውል አልኩህ! ቤት ደውል!» ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። ፊቷን ብታዪው! በዘጠነኛው አባትሽ አነሳና አፉ ሙሉ ሆኖ «ምንድነው? እየበላሁ ነው!» አለ።

እናትሽ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። «ምን እየበሉ ነው?» አለችው። «የትናንቱን ድንች።» «ያሙቁት።» ከዚያ በኋላ ነው ወደ እኔ ቀና ብላ «አለፍኩ እኮ» ያለችኝ፣ እንደ ትርፍ ወሬ።

የዜግነት መሐላው ቀን መስከረም አሥራ አራት ነው። አሁን ዘይቱን ግዢ፤ ሰናፍጩ ጥቁሩ ይሁን ብላለች።

ኬምናት


አድሌድ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2018

ጋሼ፣

ይሄን የምጽፍልህ በአንድ እጅ ነው፤ በሌላው ልጅህ አለች። አዎ፣ ሴት ናት። ታኅሣሥ ስድስት ተወለደች። ሳምባዋ የአንተ ነው፤ ስትጮህ ጎረቤት ይወጣል።

እማዬን ስላደረስክልኝ ምን እላለሁ? አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ አላወቅኋትም። ያቺ የካምፑ እናቴ ትልቅ ነበረች፤ ይህቺ እስከ አገጬ ናት። ስምንት ዓመት ተኩል ያልነካችውን ፊት ነክታ «ከስተሻል» አለችኝ፤ የዘጠኝ ወር ሆድ ይዤ!

በየቀኑ ታሸኛለች። ሕፃኗንም ታሻለች። ባሌንም ጀርባዬን አመመኝ ሲል አሸችው፤ ከዚያ ወዲህ አይላትም። እዚህ መንደር ያሉት የእኛ ሴቶች የአውስትራሊያን የዜግነት ፈተና ሊፈተኑ ነው፤ እማዬ መጥታ ሳሎን ውስጥ ሰብስባ ትጠይቃቸዋለች። ስለ አውስትራሊያ አንድ ነገር አታውቅም። ግን «ወለሉን አትዩ፣ ፈታኙን እዩ!» ትላቸዋለች፤ እርሳስም ታድላለች።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ባለፈው ሳምንት እማዬ ወረቀት ጠየቀችኝ። መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ሁለት ከሰዓት ሙሉ ቆየች። ለአባዬ ደብዳቤ ነው። ላርምልሽ አልኳት፤ እምቢ። ፖስታውን ልጻፍልሽ አልኳት፤ እምቢ። ራሷ ፖስታ ቤት ሄዳ ራሷ አስገባችው። ከመካከላችን ማንም አላየውም። ሲደርስ ውስጡ ምን እንዳለ ንገረኝ። አልቻልኩም፤ ልፈነዳ ነው።

መኑካ


አክሮን
ጥር 8 ቀን 2019

ለመኑካ፣ ለአዲሷም ሴትዮ፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ ይላሉ ሌሎች፤ እኔ ደግሞ እንኳን እናትሽ ደረሰችልሽ እላለሁ። ለሕፃኗ ሁለት ሹራብ ልኬያለሁ፤ በጋ ነው አትበይኝ፣ ታድጋለች።

ክፍላችን ደህና ነው። ሀሪማያ ባሏ ስለሞተ ችግር የለባትም፤ ስሙን ጠርታ አለፈች፤ ከዚያ ወጥታ አለቀሰች። ከቀሩት መካከል አምስቱ ጽፈው አልፈዋል። አንዷ በቀን ሁለት ፊደል ነው የጻፈችው፤ «ባሌ ጠንካራ ነው» ብላ።

የጠየቅሽኝ ደብዳቤ ዓርብ ዕለት ደረሰ። ፖስታ ሣጥኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እንግሊዝኛው ከአንዱ ጥግ ተነስቶ ወደ ሌላው ቁልቁል ይወርዳል፤ እንደ እሷ አረማመድ። አክሮን የሚለው ትንሽ ነው፣ ኦሃዮ የሚለው ትንሽ ነው። ከላይ ግን የአባትሽ ስም አለ፤ አሥራ ስምንቱም ሙሉ፣ በትልልቁ፣ ያለ አንዲት ስርዝ ድልዝ። ቴምብሩ እንኳ ቦታ አጥቶ ጥጉ ላይ ታጥፏል።

ሰጠሁት። መነጽሩን ፈለገ፤ አናቱ ላይ ነበር። ተቀበለኝና መስኮቱ ሥር ሄዶ ተቀመጠ። በረዶ ያልጠረጉትን ጎረቤቶች ረሳቸው። እኔም ሻይ አፍልቼ አጠገቡ ቆምኩ፤ ለአንቺ ብዬ ነው፣ ለራሴ አይደለም።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። አምስተኛ ቀኑ። ደብዳቤው አልተከፈተም። ሲበላ ሳህኑ አጠገብ ያቆመዋል፤ ሲተኛ ትራሱ ላይ ያደርገዋል። ዛሬ ጠዋት ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጋሼ፣ ልጅቷ እየጠየቀችኝ ነው። እባክህ ክፈተውና ውስጡን እንይ።»

በጣቱ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ቀስ ብሎ ሄደበት።

«ቆይ እስቲ» አለኝ፤ «ውጪውን ገና አልጨረስኩትም።»

ኬምናት